በሆስፒታሉ በርና በእድሩ ድንኳን መካከል

በሰሜን ጎንደር ዳባት ወረዳ ውስጥ ሰው ሲሞት ጠያቂ አያጣም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በወረዳው የሚያካሂደው የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል በ1989 ዓ.ም. ተጀምሮ ኋላ ላይ 13 ቀበሌዎችን አቅፏል። በእነዚህ ቀበሌዎች ማን ተወለደ፣ ማን አገባ፣ ማን ለቅቆ ሄደ፣ ማን ሞተ የሚለው ሁሉ ቤት ለቤት ይመዘገባል። ሞት ሲሆን ጉዳዩ በምዝገባ ብቻ አያበቃም። ሐዘኑ ጋብ ሲል መረጃ ሰብሳቢ መጠይቁን ይዞ ይመጣና ሟችን ያስታመመውን ሰው ፈልጎ አጠገቡ ይቀመጣል። ሕመሙ ምን ያህል ቆየ? ትኩሳት ነበረው? ሳልስ? ምግብ መዋጥ ያስቸግር ነበር? ሰውነት ከስቶ ነበር? የት የት ታከሙ? መልሱን ሐኪሞች ያነቡና የሞቱን ምክንያት ይገምታሉ። አብዛኛው ሰው ቤቱ ውስጥ በሚሞትበት አገር፣ ሰዎች በምን እንደሚሞቱ ከምናውቅባቸው ጥቂት መንገዶች አንዱ ይህ ነው። ሥራው ክብር ይገባዋል።

ሆኖም መጠይቁን ያነበበ ሰው አንድ ነገር ሳይከነክነው አይቀርም። ጥያቄዎቹ ሰውየው በሕይወት ሳለ ነርስ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብላ ልትጠይቃቸው የሚገቡ ናቸው። መዋጥ ያቃተው ሰው መድኃኒቱ በሽሮፕ እንዲለወጥለት፣ የከሳው ሰው ጀርባው እንዳይቆስል፣ ሌሊት የሚጮኸው ሰው እንዲተኛ ማድረግ የሚቻለው ያኔ ነው። ከገጠር ጎጆ ደጃፍ በእግር መድረስ እንደሚቻል ክትትሉ ራሱ ላለፉት ዓመታት አስመስክሯል። የሚደረሰው ግን ከቀብር በኋላ ነው።

ለዚህ የባለሙያ እጥረት ሰበብ መሆኑን አልክድም። ዋናው ምክንያት ግን የጤና ገንዘቡ የሚፈስበት መንገድ ይመስለኛል።

የሰሜን ጎንደር ገበሬ ዛሬ ሁለት መድን አለው። አንዱ ከአባቶቹ የወረሰው እድር ነው፤ ሌላው መንግሥት ያመጣው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን። እድሩ ድንኳኑን፣ ቀብሩን፣ የለቀስተኛውን እህል ውኃ ይዟል። መድኅኑ ከጤና ጣቢያና ከሆስፒታል ቅጥር ውስጥ ያለውን ይዟል። ሐኪሙ «ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም፣ ቤት ወስዳችሁ አስታሙ» ካለበት ቀን አንሥቶ ድንኳኑ እስኪተከል ድረስ ያሉትን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት፣ የያዘ የለም።

የመድኅኑን አሠራር ጠጋ ብለን እንየው። በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው የደቡብ ክልል 13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ፤ ከአማራ ክልል ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ነበሩበት። ዛሬ ከ1,000 በላይ ወረዳዎችን አዳርሷል። አባወራው ወይም እማወራዋ ምርት ከገባ በኋላ የዓመቱን መዋጮ ይከፍላሉ፤ ደብተር ይሰጣቸዋል። መክፈል እንደማይችሉ ቀበሌው ለለያቸው ድሆች መንግሥት ይከፍልላቸዋል። አባሉ በቅድሚያ ጤና ጣቢያ ይታያል፤ ከዚያ በሪፈር ሆስፒታል ይሄዳል። ሪፈር ሳይዝ ቢዘል ከወጪው ከፊሉ ከኪሱ ይወጣል። ያከመው ተቋም ሒሳቡን አሰናድቶ ለመድኅኑ ጽሕፈት ቤት ያቀርብና ክፍያውን ይቀበላል። ለብዙ ቤት ይህ እውነተኛ እፎይታ ሆኗል፤ ለአንድ የሆድ ቀዶ ሕክምና በሬ ይሸጥ የነበረበት ዘመን ብዙም ሩቅ አይደለም።

ቁም ነገሩ ያለው ከክፍያው ላይ ነው። መድኅኑ የሚከፍለው ለተቋሙ ነው፤ ተቋሙም የሚያስከፍለው በቅጥሩ ውስጥ ለሰጠው አገልግሎት ነው፦ ለካርድ፣ ለላቦራቶሪ፣ ለመድኃኒት፣ ለአልጋ። አንዲት የዳባት ጤና ጣቢያ ነርስ ቦርሳዋን ይዛ ሁለት ሰዓት በእግር ተጉዛ የአንድ አዛውንት የአልጋ ቁስል አጥባ፣ የሽንት ቱቦ ቀይራ ብትመለስ፣ ለዚያ ሥራ የምትሞላው ቅጽ የለም። ጤና ጣቢያው ከመድኅኑ አንዲት ሳንቲም አያገኝበትም፤ ነርሷም የዕለቱን የተመላላሽ ወረፋ ጥላ በመሄዷ ትወቀስበታለች። አዛውንቱ ያንኑ ቁስል ይዘው በሰው ትከሻ ጤና ጣቢያ ቢደርሱ ግን ሒሳቡ ይወራረዳል። ስለዚህ ገንዘቡ በሽተኛውን ይጠራዋል እንጂ ወደ በሽተኛው አይሄድም። መድኅኑ የማይሸፍናቸው ሲቆጠሩ መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ የአካል ንቅለ ተከላ፣ የውጭ አገር ሕክምና ይጠቀሳሉ። የቤት ለቤት የነርስ ክብካቤ ግን ለክርክር እንኳ አይቀርብም።

አረጋውያንን በተለይ የሚጎዳ ሌላም ነገር አለ። ደብተሩ የሚያቅፈው ባልን፣ ሚስትንና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ነው። ሸምግለው ልጃቸው ቤት የተጠጉ አባት ወይም እናት እንዲካተቱ ተጨማሪ መክፈል ያስፈልጋል። ለብቻቸው የሚኖሩ ባልቴት ደግሞ ራሳቸውን የቻሉ እማወራ ተደርገው ይቆጠራሉ። ጡረተኛውም ቢሆን የታሰበው በሌላ ሕግ ነበር፤ የማኅበራዊ ጤና መድኅን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ከወጣ በኋላ ሠራተኛውም አሠሪውም 3 በመቶ፣ ጡረተኛው 1 በመቶ እንዲያዋጡ ተወስኖ ነበር። መጀመሩ ግን ከዓመት ዓመት ሲንከባለል ኖረ። ደባርቅ ላይ ዕድሜውን ሲያስተምር የኖረ መምህር አልጋ ሲይዝ የሚያስታውሰው የደመወዝ መድን የለም።

አሁን አንዲት እናት እናስብ። የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም፤ በዚያ አገር ያለ የጤና ባለሙያ ግን በየዓመቱ የሚያየው ነው። ጃናሞራ ውስጥ ከመንገድ ርቃ ትኖራለች፤ ዕድሜዋ ወደ 60 ይጠጋል። ደም ሲፈሳት ወራት አልፏል። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው የማኅፀን በር ካንሰር ነው፤ አብዛኛዋም የምትመጣው ከረፈደ ነው። የአገሩ ጎበዝ እየተፈራረቀ በቃሬዛ መኪና መንገድ ያወጣታል፤ ደባርቅ ሆስፒታል ትደርሳለች፤ ከዚያ ሪፈር ተጽፎላት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ጎንደር ትገባለች። እዚያ ሐኪሙ ልጇን ወደ ጎን ጠርቶ ሕመሙ መስፋፋቱን ይነግረዋል። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ውስጥ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ኋላ ጅማና ሐረማያ ቢጨመሩም እነሱም ለጃናሞራ ሰው ሩቅ ናቸው። ቤተሰቡ ይመክራል። ከከተማ ሬሳ ይዞ መመለስ በሽተኛ ይዞ ከመመለስ በእጅጉ እንደሚወደድ ያውቃሉ። ከወላጆቿ አጠገብ፣ ከደብሯ እንድትቀበርም ይፈልጋሉ። «አውጡልን» ይላሉ፤ ፈርመው ይወጣሉ። እስከዚህ ድረስ ደብተሩ ብዙ ከፍሏል። ከሆስፒታሉ በር ሲወጡ ግን ሥራውን ጨርሷል።

ቤት ስትገባ ጠፍር አልጋ ይዘጋጅላታል፤ አጎዛ ይነጠፍላታል። በነገራችን ላይ አጎዛው ለአልጋ ቁስል መጥፎ አይደለም፤ በሌላው ዓለም ሆስፒታሎች በግዢ የሚያስገቡት ነገር ነው። የገብስ አጥሚት ይሠራላታል። የንስሐ አባቷ ይመጣሉ፤ ጸበል ይመጣል፤ ጎረቤት በየተራ ያድራል። በዚህ በኩል የጎደለባት የለም፤ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የታመመ ሰው ይህንን ሁሉ አያገኝም። የጎደላት ሌላ ነው። ሕመሙ ሌሊት ሲነሣ በቤቱ ያለው ፓራሲታሞል ነው። ከቁስሉ የሚወጣው ፈሳሽ ይሸታል፤ ሽታው ከሕመሙ በላይ ያሳፍራታል፤ ጠያቂ ሲመጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። የሽንት ቱቦው ሲደፈን ማንም አያውቅበትም። ልጇ መድኃኒት ፍለጋ ደባርቅ ወርዶ ይወጣል፤ «በሽተኛዋ ራሷ ትምጣ» ተብሎ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ባለሙያ ይህችን ቤት ቢረግጥ ምን ያደርጋል? በፈሳሽ የሚወሰድ ሞርፊን፣ ከሱ ጋር የሆድ ማለስለሻ። ለሽታው ሜትሮኒዳዞል ተፈጭቶ ቁስሉ ላይ ይነሰነሳል፤ የትም ጤና ጣቢያ የማይጠፋ ርካሽ ክኒን ነው። ቱቦው ይቀየራል። በየሁለት ሰዓቱ እንዴት እንደሚገለብጧት ለአስታማሚዋ ይብራራላታል። የሚያስፈራው ምልክት ምን እንደሆነ፣ የማያስፈራው ምን እንደሆነ ለቤተሰቡ ይነገራል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። የቀረውን ቤተሰቡ ድሮም ይሠራዋል።

ይህ ልዩነት፣ ባለሙያ የሚያስፈልገው ሥራና ቤተሰብ የሚሠራው ሥራ መለየቱ፣ ሀብታም አገሮችንም ያንገላታ ጉዳይ ነው። የአሜሪካው ሜዲኬር በ1965 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ለአረጋውያን የሆስፒታል መድን ሆኖ ነበር የተነሣው። በነርሲንግ ሆም ለሚሰጥ የባለሙያ ክብካቤ ይከፍላል፤ ግን በአብዛኛው አስቀድሞ ሦስት ቀን ሆስፒታል ለተኛ ሰው፣ ቢበዛ ለ100 ቀን ነው። የመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት ሙሉ በሙሉ ይሸፈናሉ፤ ከዚያ በኋላ በሽተኛው በየቀኑ ይጋራል። ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ ብቻ ለሚያስፈልገው ሰው አይከፍልም። ሐኪሞች ስድስት ወር ወይም ከዚያ በታች ይኖራል ብለው ከፈረሙለት የሆስፒስ ጥቅም ይከፈትለታል፤ ነርስና መድኃኒት ቤቱ ድረስ ይመጣሉ። ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሚኖር ሰው ሆስፒስ ከመረጠ ግን የመኝታና የምግቡን ወጪ ሜዲኬር አይሸፍንለትም፤ ቤተሰብ ከሁለት አንዱን ለመምረጥ ይጨነቃል። እዚያም በሁለት ደብተር መካከል የሚወድቅ ሰው አለ ማለት ነው።

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ የእኛው ሴቶች ናቸው። በነርሲንግ ሆምና በቤት ውስጥ ክብካቤ ሥራ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያት ብዙ ናቸው፤ የሌላ ሰው እናት በየሁለት ሰዓቱ ይገለብጣሉ፣ የአልጋ ቁስል ሲጀምር ከቆዳ ቀለም ይለያሉ፣ ሰውነት በክብር ማጠብ ያውቃሉ። ከደመወዛቸው ቆርጠው ጎንደር ለተኛች እናታቸው ይልካሉ። የተላከው ብር ሠራተኛ ይቀጥራል፤ እነሱ የያዙትን ሙያ ግን መግዛት አይችልም፤ በገበያው የለምና።

ነርሲንግ ሆም ይሠራልን የሚል ሰው ካለ በእኔ በኩል አልስማማም። በአዲስ አበባ መቄዶንያና መሰሎቹ ጧሪ ያጡትን እያነሡ ትልቅ ሥራ ሠርተዋል፤ እነሱ የሚያስፈልጉት አስታማሚ ለሌለው ሰው ነው። ሰሜን ተራሮች ሥር ያለ ሰው ግን በአብዛኛው አስታማሚ አለው፤ መሞት የሚፈልገውም ቤቱ ነው። ከአሜሪካው ልንወስድ የሚገባን ሕንፃውን አይደለም፤ ቤት ድረስ የሚሄደውን ነርስ መድኑ ይክፈል የሚለውን ሐሳብ ነው።

አገራችን ለዚህ ባዶ አይደለችም። ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን የተባሉ ነርስ በ2003 እ.ኤ.አ. ሆስፒስ ኢትዮጵያን አዲስ አበባ ላይ መሥርተው ነርሶች በሽተኛው ቤት ድረስ እየሄዱ ሕመም እንዲያስታግሱ አድርገዋል። ጤና ሚኒስቴርም በ2016 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ የማስታገሻ ክብካቤ መመሪያ አውጥቷል። ሞርፊን በአገሪቱ የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም በየዓመቱ ወደ 56.8 ሚሊዮን ሰዎች የማስታገሻ ክብካቤ ያስፈልጋቸዋል፤ የሚያገኙት ወደ 14 በመቶ ብቻ ናቸው። መመሪያ መውጣቱ ብቻ ይህን ቁጥር አልለወጠውም፤ ምክንያቱም መመሪያ ለነርስ አበል አይከፍልም።

የምሥራቅ አፍሪካዋ ኡጋንዳ በዚህ ቀድማናለች። ዶክተር አን ሜሪማን በ1993 እ.ኤ.አ. በፈሳሽ ሞርፊን የጀመሩት ሆስፒስ ሥር ሰድዶ፣ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በልዩ ሁኔታ የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዝዙ ሕግ ፈቅዶላቸዋል። ሐኪም ከከተማ ለማይወጣበት አገር ይህ ወሳኝ እርምጃ ነው። እኛ ዘንድ ናርኮቲክ በልዩ ማዘዣ ወረቀት ይወጣል፤ ቁጥጥሩ ትክክል ነው። ከትልልቅ ሆስፒታሎች ወዲህ መድኃኒቱ ብርቅ መሆኑ ግን ትክክል አይደለም። በሕንድ ኬረላ ደግሞ የሰፈር ሰው ጥቂት ጥቂት እያዋጣ፣ በጎ ፈቃደኞች ሠልጥነው አልጋ የያዘውን እየጎበኙ፣ ነርስና ሐኪም በየጊዜው እየተከተሉ የሚሠራ መረብ ተዘርግቷል፤ ክልሉ በ2008 እ.ኤ.አ. ፖሊሲ አድርጎታል። ይህን የሚያነብ የደባርቅ ሰው «ይኼማ እድር ነው» ቢል አይፈረድበትም።

ታዲያ ደብተሩ ይህን ቢሸፍን ማንን ይሸፍን? እዚህ ላይ አሜሪካውያንን መከተል ያስቸግራል። ስድስት ወር ይኖራል ብሎ የሚፈርም ሐኪም እኛ ዘንድ ማግኘት ከባድ ነው፤ ቢፈርምም ለበሽተኛው አይነገረውም። ክፉ ወሬ ለቤተሰብ እንጂ ለባለቤቱ አይነገርም፤ ልማዱ ይህ ነው። «የሚሞት ሰው ጥቅም» የሚል መዝገብ ላይ እናቱን የሚያስመዘግብ ልጅ አይገኝም፤ በቁሟ ቀበራት ይባላልና። ስለዚህ መለኪያው ዕድሜ መቁረጥ መሆን የለበትም። አልጋ ላይ የዋለ፣ ያለ ሰው እርዳታ የማይነሣ፣ ከሆስፒታል በሪፈር ወረቀት የተላከ፣ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። በስትሮክ ግማሽ ጎኑ የሰነፈውም፣ ልቡ የደከመውም፣ ካንሰር ያለባትም በዚህ ይገባሉ። ቢድኑ እሰየው፤ ከመዝገቡ ይወጣሉ።

የገንዘቡ ጥያቄ ይነሣል፤ መነሣትም አለበት። መድኅኑ አሁንም ቢሆን ከጉድለት ነፃ አይደለም፤ አባላት «ደብተር ይዘን ስንሄድ መድኃኒት የለም፣ ከውጭ ግዙ እንባላለን» ይላሉ፤ ተቋማት ክፍያ ይዘገይብናል ይላሉ። በዚህ ላይ አዲስ ነገር መጨመር ድፍረት ሊመስል ይችላል። ግን የምንጨምረው ምን እንደሆነ ልብ በሉ፦ በሳምንት አንድ ቀን የምትወጣ አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ፣ የበቅሎ ወይም የሞተር ሳይክል ወጪ፣ አንድ ቦርሳ ሙሉ ርካሽ ዕቃ። ይህ ቢቀር በሽተኛው ከወጪ ይጠፋል ማለት አይደለም። ያው ሰው በቃሬዛ ተመልሶ ይመጣል፤ ሊድን በማይችልበት ሕመም እንደገና ይተኛል፤ ያንን የሚከፍለው ይኸው መድኅን ነው።

በየቀበሌው ጤና ኬላ አለ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት መሄድ ሥራዋ ነው። ፕሮግራሙ ሲጀመር ዋና ዓላማው እናቶችና ሕፃናት፣ ክትባት፣ መጸዳጃ ነበሩ፤ ልክ ነበር፤ ብዙ ነፍስ አትርፏል። አሁን ግን አልጋ የያዘ ሰው ያለበትን ቤት በቅድሚያ የምታውቀው እሷ ናት። ለጤና ጣቢያዋ ነርስ ስልክ ብትደውልና ያ ጥሪ የመድኅን ሒሳብ ቢከፍት ግማሹ ሥራ ተሠራ።

ሌላው ተቃውሞ ጦርነቱ ነው፤ በዚህ ላይ የምመልሰው ቀላል መልስ የለኝም። በነሐሴ 2013 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ዳባት ድረስ ደርሶ በወረዳው ጭና ቀበሌ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ያለው ግጭት መንገድ ይዘጋል፣ መድኃኒት ያዘገያል፣ ባለሙያን ያሸሻል። ነርስ ለብቻዋ ገጠር ትውጣ ማለት ቀላል አይደለም። ነገር ግን መንገድ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚቀርበት በሽተኛው ሆስፒታል መድረሱ ነው። ሊማሊሞን ወጥቶ ደባርቅ መድረስ ላልቻለ የአዲ አርቃይ በሽተኛ የሚቀረው አቅራቢያው ያለው የጤና ተቋም ነው። መንገድ በማይታመንበት ዘመን ክብካቤን ወደ ቤት ማቅረብ ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አያንስም።

በዚህ ክርክር ከሁሉ የሚያስቸግረኝ ሞት ላይ ያለን ዝምታ ነው። የመድኅን ስብሰባ ላይ ስለ ወሊድ፣ ስለ ወባ፣ ስለ መድኃኒት እጥረት ይጮኻል። አልጋ ይዞ ስለሚቆይ ሰው የሚናገር የለም፤ በሽተኛው ስብሰባ አይመጣም፤ አስታማሚዋም ትታ አትመጣም። ሴት ልጅ ወይም ምራት ናት፤ ትምህርቷን ወይም ገበያዋን አቋርጣ ነው የተቀመጠችው። የሷ ድካም በማንኛውም ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

እንግዲህ የወረዳው መድኅን የአባላት ተወካዮች ያሉበት ጠቅላላ ጉባኤና ቦርድ አለው፤ መዋጮ የሚታደሰውም ምርት ከገባ በኋላ ነው። የደባርቅ፣ የዳባት፣ የጃናሞራ፣ የበየዳ ተወካዮች በሚቀጥለው ጉባኤ አንድ ነገር እንዲያነሡ እጠይቃለሁ፦ በሆስፒታል ሪፈር ወደ ቤቱ ተልኮ አልጋ ላይ ለዋለ አባል ጤና ጣቢያው ነርስ ቤቱ ልኮ ያወጣውን ወጪ መድኅኑ ይክፈል። የኢትዮጵያ ጤና መድኅን አገልግሎትም ይህን በአንድ ወረዳ ይሞክረው። ለሙከራው ከዳባት የተሻለ ወረዳ አይገኝም፤ ማን በምን እንደሞተ፣ ምን ያህል እንደታመመ፣ የት እንደታከመ የሚመዘግብ ክትትል እዚያው አለ። ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ ውጤቱን በቁጥር ማየት ይቻላል።